የባለቤቴ ሽንት የት ገባ?

የምጽፈው ስለ ሽንት ነው። አስቀድሜ የተናገርኩት ገበታ ላይ ያለ አንባቢ ካለ መጀመሪያ በልቶ እንዲጨርስ ብዬ ነው። መሥሪያ ቤት በታይፒስትነት ስሠራ ስንት ዓይነት ደብዳቤ በጣቴ አልፏል፤ ይህ ቃል ግን አንድም ቀን አላለፈም። ዛሬ ግን ካልጻፍኩት ደስታዬን መደበቅ ይሆንብኛል።

ጽጌ እባላለሁ። ሰባውን ካለፍኩ ቆይቻለሁ። ቤታችን ኮልፌ ቀራንዮ፣ ከአየር ጤና ወደ ቤቴል ሲኬድ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ነው። ባለቤቴ አያሌው የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ሾፌር ነበር። ጎጃምንም ወለጋንም እንደ እጁ መዳፍ ያውቃቸዋል። እኔ ወሬ አላበዛም፤ እሱም መሪ ካልጨበጠ ዝምተኛ ነው። ተጋብተን ልጅ ወልደን ስናሳድግ፣ ስንጣላና ስንታረቅ፣ ስለ ሰውነታችን ጉዳይ ግን ተነጋግረን አናውቅም። ለአያሌው «አሞኛል» ማለት እንኳ መሸነፍ ነው።

ከዓመት በፊት ልቡ ደከመ። ሐኪሞቹ እንዳስረዱን ልብ ደሙን አጠንክሮ መግፋት ሲያቅተው ውሃ በሰውነት ይጠራቀማል፤ እግር ያብጣል፣ ሳንባ ይከብዳል። ጋደም ሲል ትንፋሽ ያጥረው ስለነበር ትራስ በትራስ ላይ ደራርበንለት ተቀምጦ ነበር የሚያንቀላፋው። በዚያ ላይ ሽንቱን መቆጣጠር አቃተው። ውሃ የሚያስወጣውን ኪኒን ሲውጥ ደግሞ ባሰበት፤ ሳያስጠነቅቅ ይመጣል፣ ጉልበቱ ስለማይታዘዘው ሽንት ቤት አይደርስም። የአዋቂ ዳይፐር ገዛን። የጀመርን ዕለት ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ዋለ።

በክረምቱ ሆስፒታል ተኝቶ ነበር። ሽንቱ እንዲለካ ቱቦ ገባለት። ነቀለው። እንደገና ቢገባለት እንደገና ነቀለው። በኋላም ኢንፌክሽን ሆነና በትኩሳት ሲቃዥ ከረመ። ድኖ ሲወጣ መኪናው ውስጥ እጄን ያዘና፣ «ጽጌ፣ ሁለተኛ ቱቦ ከምትከቱብኝ አፈር ውስጥ ክተቱኝ» አለኝ። እጄን መያዙ ነው ይበልጥ ያስደነገጠኝ። እንዲህ የሚያደርግ ሰው አልነበረም።

ታሪኩ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ፣ በአንድ ዓርብ ነው። እግሩ እስከ ጉልበቱ አብጦ አደረና ቤቴል ወዳለው ክሊኒክ ወሰድነው። ዶክተሯ ወጣት ናት፤ ስትናገር አትቸኩልም። ደረቱን አዳመጠች፤ ቅልጥሙን በጣቷ ጫን አደረገች፤ የጣቷ ጉድጓድ ቶሎ አልሞላም። ከዚያ እኔንና ልጃችንን ሰናይትን በዓይኗ ጠቀሰችንና ኮሪደር ላይ አወጣችን። በሩንም ዘጋችው።

«እማማ፣ ውሃው መውጣት አለበት» አለችኝ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ኪኒኑን ከፍ አድርጌዋለሁ። እስከ ሰኞ ጠዋት በቤት እንሞክር። በደንብ ከሸኑ ጥሩ ነው። ካልሸኑ ግን ኩላሊታቸውም እየደከመ ሊሆን ስለሚችል ሆስፒታል ይተኛሉ፤ መድኃኒቱ በደም ሥር ይሰጣቸዋል።»

«ቱቦውስ?» አልኳት።

«ያን ጊዜ ቱቦው አይቀርም።»

ሰናይት ክንዴን ያዘች። እኔም የማይጠየቀውን ጠየቅኩ። «ዳይፐር ነው የሚያደርገው። ምን ያህል እንደወጣው በምን እናውቃለን?»

«ሌላ ሰው ቢሆን ጠዋት ጠዋት ሚዛን ላይ አውጥተን ክብደቱን እናይ ነበር። አባባ መቆም ስለማይችሉ ዳይፐሩን ትመዝናላችሁ። መጀመሪያ ደረቁን፣ ከዚያ የራሰውን። ትርፉ ሽንት ነው። አንዱን ግራም አንድ ሚሊ ሊትር በሉት። በቀን ሊትር ተኩል ካለፈ ደስ ይለኛል። ሲስተር መቅደስ ከሰዓት ከሰዓት ቤት እየመጣች ታያለች።»

ይህ ሁሉ ሲነገር አያሌው ከተዘጋው በር ወዲያ አልጋ ላይ ነበር። እንዲህ ነው ልማዳችን። ሕመምተኛው እንዳይደነግጥ ተብሎ ነገሩ ለቤተሰብ ይነገራል፤ ቤተሰቡም ፊቱን አስተካክሎ ይገባል። እኔም ፊቴን አስተካክዬ ገባሁ።

«ምን አለች?» አለኝ።

«ምንም። ኪኒን ጨምራልሃለች። ዳይፐርህን እየመዘንን እንነግራታለን።»

«ምን ሊያደርግላት?»

«ለሥራዋ ነው።»

ከዚያ ወዲያ አልጠየቀኝም። እኔም አልጨመርኩም።

ቅዳሜ ጠዋት ሰናይት ከዘነበወርቅ የኬክ ሚዛኗን ይዛ መጣች። እቤቷ ኬክ እየጋገረች ለልደትና ለምርቃት ትሸጣለች። ሚዛኑ ነጭ ነው፣ ቁጥሩ በመብራት የሚታይ። ከፌስታሉ ስታወጣው ልጇን ለሞግዚት እንደምትሰጥ እናት ታየው ነበር።

«እማዬ፣ ይሄ ሚዛን ከስኳርና ከቅቤ ሌላ ነገር አይቶ አያውቅም።»

«ይመለስልሻል።»

«ኧረ በማርያም! እዚሁ ይቅር። ከአሁን በኋላ ያንቺ ነው።»

ደረቁንም የሌሊቱንም ዳይፐር መዘንን፣ ቁጥሩን ግድግዳው ላይ ካለው ካላንደር ጠርዝ ጻፍኩ፣ ኪኒኑን ሰጠሁት። ቁርሱን በልቶ ሳይጨርስ ጋሼ ወልዴ መጡ።

ጋሼ ወልዴ የአያሌው የልብ ጓደኛ ናቸው። ዘራቸው ከደቡብ ምዕራብ ነው፤ ኮልፌ ግን ልጅ ወልደው፣ የቧንቧ ዕቃ ሱቅ ከፍተው ያረጁበት ሰፈራቸው ነው። ሱቁን ለልጆቻቸው ከተዉ ወዲህ ጠዋት ጠዋት እኛ ጋ ናቸው። በዕድሜ ከአያሌው ትንሽ ያንሳሉ፤ በምላስ ግን ይበልጡታል። እኔ ወንድ እንግዳ ሲመጣ ወንበር አቀርባለሁ፣ ሰላምታ እሰጣለሁ፣ ከዚያ በሩን መለስ አድርጌ ወደ ጓሮ እወጣለሁ። ወንዶች ሲጫወቱ መሀላቸው መቀመጥ አልለመደብኝም።

በሩን ስመልስ የሰማሁት ይህን ነው።

«አንተ ሾፌር፣ እንዴት አደርክ?»

«ሞተሩ አልነሳ ብሏል።»

«ግፉልኝ እንዳትል፤ ከብደሃል።»

«ያንተን ሱቅ ቧንቧ ሁሉ ውጦ ነው እንዳትል ደግሞ።»

ሁለቱም ሳቁ። ከዚያ ድምፃቸው ዝቅ አለ። ጋሼ ወልዴ ሱቅ ደርሼ መጣሁ ብለው ወጡና ካፖርት ደርበው ተመለሱ።

ጥቂት ቆይቶ ጋሼ ወልዴ ካፖርታቸውን እስከ አንገት ቆልፈው ወጡና ግቢው ጥግ ወዳለው ሽንት ቤት ገቡ። ተመለሱ። እንደገና ወጡ። ከመሄዳቸው በፊት ደግሞ ለሦስተኛ ጊዜ። ጎመን እየቀነጠስኩ በልቤ አዘንኩላቸው። ሰው እንዲህ በተደጋጋሚ ሽንት ቤት የሚመላለሰው ስኳር ሲይዘው እንደሆነ ሰምቻለሁ።

«ጋሼ ወልዴ ስኳር ሳይዛቸው አልቀረም» አልኳት ለሰናይት።

«አይ እማዬ፣ አንቺ ደግሞ የአባዬ አልበቃሽም?» አለችኝ።

ከሰዓት በኋላ ሲስተር መቅደስ መጣች። ቀጭን፣ ፈጣን ልጅ ናት፤ ጫማዋን በር ላይ ሳታወልቅ አትገባም። ዳይፐሩን ሚዛኑ ላይ አድርጋ ቁጥሩን አየች። ካላንደሩን አየች። እንደገና ሚዛኑን አየች።

«ሌላ ዳይፐር አልጣሉም፣ እማማ?»

«አልጣልኩም።»

«አንሶላውስ?»

«ደረቅ ነው። በእጄ ዳስሼዋለሁ።»

«የሌሊቱን ጨምረን ግማሽ ሊትር እንኳ አልሞላም» አለችኝ በሹክሹክታ። «እስኪ የነገውን እንይ።»

አያሌው ከትራሶቹ መሀል አንገቱን አቅንቶ «ስንት ሆነ?» አለ።

«ትንሽ ነው» አልኩት።

ፈገግ አለ። ያውም ጥርሱ እስኪታይ። ሕመሙ ወደ ጭንቅላቱ ወጣ እንዴ ብዬ ሰጋሁ።

እሑድም ያው ሆነ። ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ጋሼ ወልዴ ቀድመውኝ ገብተዋል፤ በሩ መለስ ብሏል፤ ውስጥ ሹክሹክታ አለ። ካፖርቱ ተቆልፎ ወደ ሽንት ቤት፣ ከሽንት ቤት ወደ ቤት። ጠያቂዎች ብርቱካንና ለስላሳ ይዘው መጡ። የሚጠጣው በልክ ስለሆነ ለስላሳውን በጓሮ በር ለጎረቤት ልጆች አደልኩ። ዳይፐሩን ስመዝን እንደ ቅዳሜው ቀላል ነበር። አያሌው እንደገና «ስንት?» አለ፤ እኔም «ትንሽ» አልኩት፤ እሱም «እሰይ» አለ። እሰይ! ወጥ ቤት ገብቼ ውሃ ጠጣሁ።

አንድ ነገር ግን አልገጣጠም አለኝ። የካልሲው ላስቲክ ያበጠ እግሩ ላይ ይተወው የነበረው ቀለበት ያን ያህል ጥልቅ አይደለም። አንዱን ትራስ ደግሞ ራሱ ገፍቶ ጥሎታል። ይህን ለሲስተር መቅደስ ነገርኳት። ቅልጥሙን ተጫነችና ራሷን ነቀነቀች።

«ትንሽ የጎደለ ይመስላል። ግን ውሃው ከወጣ የት ገባ?»

«ላብ ይሆን?»

«ይህን ያህል በላብ አይወጣም፣ እማማ።»

በረንዳ ላይ ወጥታ ለዶክተሯ ደወለች። ስትመለስ ዓይኗን ከእኔ አሸሸች። «ዶክተር በግምት ማመን አልፈለገችም። ኩላሊቱ ደክሞ ከሆነ ጊዜ አይሰጥም አለች። ነገ ጠዋት ሆስፒታል ይግቡ። እኔም መጥቼ አብሬያችሁ እሄዳለሁ።»

ለአያሌው አልነገርኩትም። ጠዋት መኪናው ደጅ ሲቆም እነግረዋለሁ ብዬ ለራሴ ቃል ገባሁ። ሁለት ፒጃማ፣ ፎጣ፣ ነጠላ ጫማውንና የጸሎት መጽሐፉን ሻንጣ ውስጥ ከተትኩ፤ ሻንጣውንም እንዳያየው ወጥ ቤት ከጤፍ ማዳበሪያው ኋላ ደበቅኩት።

ሰኞ ጠዋት ደረሰ። ኪኒኑን ሰጠሁት፣ ቁርሱን አበላሁት። ሸሚዝ ስቀይርለት «ዛሬ ደግሞ ማን ሊዳር ነው?» አለኝ። ቁልፉን ቆለፍኩለት። ሰናይት መኪና ይዛ እየመጣች ነው። ጋሼ ወልዴ እንደ ልማዳቸው ገቡ፤ እኔም እንደ ልማዴ በሩን መልሼ ወጣሁ። ጓሮ ቆሜ ምን ብዬ እንደምጀምርለት አሰብኩ።

ያን ጊዜ ጋሼ ወልዴ ወጡ፤ ካፖርታቸው እንደ ተቆለፈ። ሽንት ቤት ገቡ። እኔም እንዲህ አሰብኩ፦ ለባሌ የምለው ካጣሁ ቢያንስ ለእኚህ ሰው የምለው አለኝ። ስኳራቸውን ይመርመሩ። ሄጄ ከሽንት ቤቱ በር ጥቂት ራቅ ብዬ ጠበቅኳቸው። ዛሬ ሳስበው ይገርመኛል፤ በሕይወቴ ወንድ ከሽንት ቤት እስኪወጣ ጠብቄ አላውቅም።

ወጡ። በቀኝ እጃቸው ባዶ የውሃ ጠርሙስ ይዘዋል፤ አፉ ሰፋ ተደርጎ በመቀስ የተቆረጠ፣ ዙሪያው በፕላስተር የተለበጠ። ሲያዩኝ ወደ ካፖርታቸው ሊመልሱት ሞከሩ፤ ቁልፉ አልከፈት አላቸው።

«ጋሼ ወልዴ፣ ምንድን ነው እሱ?»

«ምኑ?»

«በእጅዎ ያለው።»

«ይሄ? ይሄማ... የሱቅ ዕቃ ነው።»

የቆምነው ሁለት ሽማግሌዎች ነን፤ አንዳችንም መዋሸት አንችልበትም። እኔም የተሸከምኩትን አወረድኩት።

«ጋሼ ወልዴ፣ አያሌውን ዛሬ ሆስፒታል ልናስገባው ነው። መኪና እየመጣ ነው። ሽንቱ እምቢ ብሏል። ኩላሊቱ ሳይደክም አልቀረም ብለዋል። ቱቦ ሊያስገቡለት ነው።»

አፋቸውን ከፍተው አዩኝ።

«ሽንቱ ምን ብሏል?»

«እምቢ ብሏል። ሁለት ቀን ሙሉ ስንመዝን...»

«እምቢ ብሏል?» ድምፃቸው ግቢውን ሞላው። «ታዲያ ከቅዳሜ ጀምሮ በካፖርቴ ሥር የማንን ሽንት ነው የምሸከመው!»

ነገሩ ወዲያው አልገባኝም። ያስረዱኝ ግድግዳውን ተደግፈው ነው። አያሌው ቅዳሜ ጠዋት «ወልዴ፣ አንድ ነገር ላስቸግርህ፤ ለጽጌ እንዳትናገር ማልልኝ» ብሏቸዋል። እሳቸውም በልጆቻቸው ስም ምለዋል። ጠርሙሱን ከሱቅ አምጥተው፣ አፉ እንዳይቧጭረው በፕላስተር ለብጠው፣ ዳይፐሩን ገለጥ አድርገው ብርድ ልብሱ ሥር ያስቀምጡለታል።

«መቼ እንደሚመጣ እሱም አያውቀውም» አሉኝ። «እንደ ዓሣ አጥማጅ ቁጭ ብለን እንጠብቃለን። ኪኒኑን ከዋጠ በኋላ ደግሞ ወንዝ ነው! አንዱን ደፍቼ ሳልመለስ ሌላው ይመጣል። የቧንቧ ነገር ለኔ ተውልኝ ብዬው ነበር፤ እንዲህ ያለ ግፊት ግን በሥራ ዘመኔም አላየሁ።»

ወደ ቤት የገባሁት በሩን ሳላንኳኳ ነው። ጋሼ ወልዴ «ምዬለታለሁ፣ ጽጌ፣ ምዬለታለሁ» እያሉ ከኋላዬ ተከተሉኝ። አያሌው ጠርሙሱን በጓደኛው እጅ፣ እኔን ደግሞ በበሩ ላይ ሲያይ ፊቱ ደም መሰለ።

«ወልዴ! ነገርካት?»

«እሷ ናት የያዘችኝ፤ እንደ ትራፊክ መንገድ ላይ ጠብቃ።»

አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። «አያሌው፣ ለምን?»

መጀመሪያ ግድግዳውን አየ። ከዚያ ወደ ግድግዳው መዞሩን ተወና እኔን አየኝ።

«ልትመዝኑኝ ነዋ። ዳይፐሩ የከበደ እንደሆነ ‹ይሄ ሰውዬ አልቻለም፣ ቱቦ ይግባለት› ልትሉኝ አይደል? ዳይፐሩ ደረቅ ከሆነ ‹ተሽሎታል› ትላላችሁ ብዬ ነው። አንቺም እኮ ‹ትንሽ ነው› ስትዪኝ ደስ ይለኝ ነበር። እያሸነፍኩ ነበር!»

እዚህ ላይ ምን እንደሆንኩ በትክክል መግለጽ አልችልም። ሳቅ ነው የመጣብኝ። እኔ የምስቀው አፌን በነጠላ ሸፍኜ፣ ድምፅ ሳላወጣ ነው፤ ያን ቀን ግን ነጠላዬን ለመሳብ እንኳ ጊዜ አላገኘሁም። እንባዬ እስኪወርድ ሳቅኩ። ሁለቱ ሽማግሌዎች እኔን ያዩኛል፣ እርስ በርስ ይተያያሉ።

«ምን ሆነች?» አለ አያሌው።

«እኔ ምን አውቄ» አሉ ጋሼ ወልዴ።

ትንፋሼን ሰብስቤ ዓርብ ዕለት ኮሪደር ላይ የተባለውን ሁሉ፣ አንድም ሳላስቀር ነገርኩት። ውሃው መውጣት እንዳለበት፤ ዳይፐሩ እንዲከብድ እንደምንጸልይ፤ ቀላል በሆነ ቁጥር ሆስፒታሉ እንደሚቀርብ፤ ሻንጣው ወጥ ቤት ከጤፉ ኋላ እንዳለ።

«ታዲያ ይሄን ዓርብ ዕለት ብትነግሪኝ ኖሮ» አለኝ መጨረሻ ላይ፣ «ወልዴ ይሄን ካፖርት በዚህ ፀሐይ ባልለበሰው ነበር።»

ሲስተር መቅደስና ሰናይት ተከታትለው ገቡ። ነገሩን የተረኩላቸው ጋሼ ወልዴ ናቸው፤ ጠርሙሱን እንደ ዋንጫ እያነሱ። ሲስተር መቅደስ ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች። ሰናይት «የኬክ ሚዛኔ በከንቱ ተሠዋ» አለች። ከዚያ ሲስተር ለዶክተሯ ደወለች፤ ድምፁንም ሁላችን እንድንሰማ ከፍ አደረገችው። ከወዲያ በኩል የዶክተሯ ሳል ይሁን ሳቅ ያልለየ ድምፅ ሰማን።

«እሺ» አለች። «ግን የፈሰሰውን ልቆጥረው አልችልም። ዛሬን ልስጣችሁ። የጠርሙሱንም የዳይፐሩንም እየደመራችሁ እስከ ማታ ንገሩኝ። አባባ ይሰሙኛል?»

«እሰማለሁ፣ ልጄ» አለ አያሌው።

«አደራ፣ ዛሬ ምንም እንዳይደበቅ።»

«ከዛሬ ወዲያ ብትፈልጊ በራዲዮ ይነገር።»

ያን ቀን የዋልነው ውሎ ሠርግ ይመስል ነበር። ጋሼ ወልዴ ጠርሙሱ ላይ በእስክሪብቶ መስመር አሰመሩ። ሲስተር መቅደስ ሌላ ሕመምተኛ አይታ እንደምትመለስ ነግራን ሄደች፤ ከየመንገዱ እየደወለች ግን «እስካሁን ስንት?» ትላለች። አያሌው ራሱ መሪ እንደ ያዘ ሰው ተኮፍሶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ይጠብቃል፤ ድንገት ጣቱን ያነሳል። እኛ ጸጥ እንላለን።

«መጣ?»

«ቆይ... አታጣድፈኝ... መጣ!»

«በርታ፣ አንተ ጀግና!»

እኔ በሩን መልሼ አልወጣሁም። ወንበር ስቤ እዚያው ተቀመጥኩ። ማንም ውጪ አላለኝም።

ቀኑ ዘንበል ሲል ሰናይት የመጨረሻውን መዘነችና ስልኳ ላይ ደመረች። ፊቷ ተለወጠ። ሊትር ተኩሉን አልፏል፤ ያውም የሌሊቱ ገና ነው። እልል ያለችው እሷ ናት። ጋሼ ወልዴ አጨበጨቡ። ከታመመ ሰው ቤት እልልታ ሲሰማ ጎረቤት ዝም አይልም። ሴቶቹ ከየበራቸው ብቅ አሉ፤ አንዲቱማ ሊጥ በእጇ እንደ ሆነ አጥሩ ላይ ተንጠልጥላ «እትዬ ጽጌ! ምን ተገኘ? ማን ወለደ?» አለች።

ምን ብዬ ልመልስ? አፌን ከፍቼ ቃል ስፈልግ አያሌው፣ ስለ ሰውነቱ አንዲት ቃል ተናግሮ የማያውቀው አያሌው፣ በመስኮቱ በኩል በሾፌር ድምፁ ጮኸ።

«ሸናሁ!»

 ከዚያ ከአጥሩ ወዲያ አንዲት አሮጊት «እሰይ፣ እንኳን ደስ ያለህ፣ ልጄ!» ብለው እልልታውን ተቀበሉ። ዶክተሯ ቁጥሩን ስትሰማ ያለችው አጭር ነው፤ «ቤታቸው ይቆዩ። ረቡዕ አያቸዋለሁ።» ሻንጣውን ከጤፉ ኋላ አውጥቼ ፒጃማዎቹን ወደ ቁምሳጥኑ መለስኩ። ያኔ ብቻዬን ስለነበርኩ ትንሽ አለቀስኩ።

ይህ ከሆነ ወራት አልፈዋል። አያሌው ዛሬም ልቡ ደካማ ነው፤ አዲስ ልብ አላገኘም። ግን በሁለት ትራስ ይተኛል፣ ደጅ ወጥቶ ፀሐይ ይሞቃል። ኪኒኑን በሰዓቱ ይውጣል፣ ጠርሙሱን በሰዓቱ ይጠይቃል። እኔም «ሸንተሃል?» ስል ድምፄን ዝቅ አላደርግም። ለእናንተ ለምታነቡኝ ምክር መስጠት አይሆንልኝም፤ ሐኪም አይደለሁም፤ የእኛ ልክ የእናንተ ልክ ላይሆን ይችላል፣ ሐኪማችሁን ጠይቁ። የማውቀውን ልንገራችሁ፦ ባለቤቴን ላለማስደንገጥ ስል ዝም አልኩ፤ እሱም ላለማፈር ሲል ዝም አለ። ሁለታችንም አንድ ነገር ነበር የምንፈልገው፤ አንዱ የሞላውን ሌላው ይደፋው ነበር። ቤታችሁ ሽማግሌ ካለ የራሱን ነገር ለራሱ ንገሩት። ይደነግጥ ይሆናል። ቢደነግጥም አብራችሁት ናችሁ።

ባለፈው ወር ሳንሱሲ የሚኖር አንድ የቀድሞ ሾፌር፣ የአያሌው ባልደረባ፣ እንደታመመ ሰማን። በመኪና ሄድን። ልጆቹ ሳሎን አስቀመጡንና በሹክሹክታ ነገሩን፤ የእሱም ልብ ነው፤ ኪኒኑን አልወስድም ብሏል፤ ልብሱን እያበላሸበት ስለሚያፍር። «እሱ ፊት ግን እንዳታነሱት» አሉን። አያሌው ብርቱካኑን ከእጄ ተቀበለና «እሱ ጋ አስገቡኝ» አለ። ደግፈው አስገቡት። እኔና የታማሚው ሚስት ሳሎን ቀረን።

ጥቂት ቆይቶ ከውስጥ የአያሌው ድምፅ ተሰማ። ከዚያ የሁለት ሽማግሌዎች ሳቅ፤ አንዱ ሳል የተቀላቀለበት፣ አንዱ የባለቤቴ።

ሴትዮዋ ደነገጡ። «ሲስቅ ከሰማሁት ስንት ጊዜዬ! ምን እየነገሩት ነው?»

«ስለ ሽንት» አልኳቸው።

ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ሳቡ። ትንሽ አመነቱ፣ አዩኝ፤ ከዚያ ወንበራቸውን ወደ በሩ አስጠጉ። እኔም የእኔን አስጠጋሁ።